መጀመሪያ የደም ሥሩ

«በባለ ሦስት ገጽታ (3D) ማተሚያ የተሠራ ልብ የቤተ ሙከራ መጫወቻ ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ማስረጃው በ2019 እ.ኤ.አ. የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያተሙት፣ የጥንቸል ልብ የሚያክለው ልብ ደም አለመርጨቱ ነው። እውነት ነው፣ አልረጨም። እነሱስ መቼ ረጨ አሉ? ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ ተባብረው መርጨት ግን ገና ይቀራቸዋል ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ጸሐፊው የዘለሉት ዋናውን ነው። ከደም ሥር 0.2 ሚሊሜትር ገደማ የራቀ ሴል ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። እንግዲህ ወፍራም የልብ ጡንቻ ከማተም በፊት መስኖውን፣ ማለትም የደም ሥሮቹን፣ መዘርጋት ግድ ነው፤ የዛሬው ትግልም እዚያው ላይ ነው።

«የእግር ደም ሥር እያለ የደም ሥር ለማተም ምን አስቸኮለ?» ይላሉ ደግሞ ጸሐፊው። ለልብ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና የሚፈለገው የእግር ደም ሥር የተበላሸበት ወይም ቀድሞ የተወሰደበት ታካሚስ? ከጸሐፊው እግር ይወሰድለት?