የካዛንቺስ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የካዛንቺስን ስም ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርሮ የነበረው የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ነው። «ካዛ» በኢጣልያንኛ ቤት ማለት ሲሆን፤ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የኢጣልያ ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። ጠላት ለገዛ ጸሐፊዎቹና ሹማምንቱ ቤት መሥራቱን ስናይ፤ ለመሰንበት ሳይሆን ለመኖር ማሰቡን እንረዳለን። ሐሳቡ በ5 ዓመት ውስጥ ከሽፎ እርሱ ሲሄድ፤ ቤቱና ስሙ ቀሩ። ሕዝቡም ስሙን በራሱ አንደበት አለሳልሶ እንደ ፒያሳና እንደ መርካቶ ሁሉ የአማርኛ ቃል አደረገው።

ጎረቤቱ ቂርቆስ በበኩሉ ስሙን ያገኘው በሕፃኑ ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ከተተከለው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዲህ በአንድ አካባቢ የእምነትና የወረራ ታሪክ ጎን ለጎን ተጽፎ ይገኛል።

ይሁን እንጂ የአካባቢው ትልቁ ታሪክ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጠላት ከተባረረ ከ20 ዓመት በኋላ፤ በ1953 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ዝቅ ብሎ፤ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ፕላኑን የነደፈው ኢጣልያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን፤ በባለ ቀለም መስተዋት ያስጌጠው የእኛው አፈወርቅ ተክሌ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በዚሁ አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። የወራሪ ሹማምንት ይኖሩበት ዘንድ ከተሠራው ሰፈር አጠገብ፤ የቅኝ አገዛዝ እንዲያበቃ ቃል ኪዳን ተፈረመ ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ሁለት ነገር አየን። የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ እንደገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ለከተማው ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወረ።

እኛ ጭርንቁስ ቤት ለዘለዓለም ይኑር አንልም። ጣራው በሚያፈስ ቤት የኖረ ሰው ልማትን አይጠላም። ነገር ግን አዳራሹ ታሪክ ከሆነ፤ ጎረቤቱም ታሪክ ነው። መሪዎቹ ፈርመው ወደየአገራቸው ሲመለሱ፤ በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ እየሠራ አካባቢውን ሰፈር አድርጎ ያቆየው ሕዝቡ ነበር።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ሆይ፤ ገና ያልፈረሰ የአሮጌ ሰፈር ፋይል በእጅህ ሲገባ፤ ከማፍረሻው ትእዛዝ አስቀድሞ ቤቱ ይለካ፤ ፎቶግራፉ ይነሣ፤ የመንገዱ ስም ይመዝገብ። ተማሪውም ወደ አዲሶቹ መኖሪያዎች ሄዶ ከካዛንቺስ የተነሡትን አረጋውያን ይጠይቅ፤ የዕድራቸውንም መዝገብ አስፈቅዶ ይመልከት። ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ፤ ማን መቼ እንዳረፈ ከዚያ የበለጠ የሚያስረዳ ጽሑፍ በቀላሉ አይገኝም። የፈረሰው ቤት አይመለስም፤ መዝገቡ ግን ሳይጠፋ ሊገለበጥ ይችላል።