ድንጋዩን የቆረጠ ዋጋውን ይቆርጣል

ወርቅ ቤት ገብታችሁ የቀለበት ዋጋ ስትጠይቁ ሻጩ ቀለበቱን ሚዛን ላይ ጣል ያደርገዋል። ግራሙ በዕለቱ ዋጋ ይባዛል፤ የእጅ ዋጋ ይደመርበታል፤ አለቀ። ፈርጥ ካለው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አንዱ ፈርጥ የመኪና ዋጋ ያወጣል፤ ለዓይን መንትያው የሚመስለው ደግሞ የምሳ ዋጋ አይሞላም። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የድንጋይ ዋጋ ድንጋዩ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ድንጋዩን ማየት በሚችለው ሰው እጅም ነው።

አልማዝን እንውሰድ። አልማዝ የሚመዘነው በካራት ነው፤ 1 ካራት 0.2 ግራም ነው (ከወርቁ ካራት ጋር አታምታቱት፤ እሱ የጥራት መለኪያ ነው)። ከክብደቱ ሌላ ቀለሙ፣ ጥራቱና አቆራረጡ ይታያል። ባለ 2 ካራቱ ከባለ 1 ካራቱ እጥፍ በላይ ያወጣል፤ ትልቁ ብርቅ ነዋ! ይህን የደረጃ አወጣጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያደላደለው ጂአይኤ የተባለው የአሜሪካ ተቋም ነው። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ ነጋዴዎች የሚደራደሩበት ራፓፖርት የሚባል የዋጋ ዝርዝር አለ። ሻጭም ገዢም አንድ ወረቀት ያያሉ ማለት ነው።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል። ደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦፓል ተገኘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ «የወሎ ኦፓል» የሚለው ስም የዓለም ጌጣጌጥ ገበያ ገባ። ድንጋዩ የሚወጣው ግን ገደል ላይ በእጅ ከሚቆፈር ዋሻ ነው። ዋሻው ሲደረመስ ሰው ይቀበራል።

ነፍስ የሚያስከፍለው ይህ ድንጋይ ዋጋው እንዴት ይቆረጣል? ለኦፓል እንደ አልማዝ ሁሉም የሚስማማበት ደረጃ የለም። የመደቡ ቀለም፣ ውስጡ የሚጫወቱት ቀለማት ድምቀት፣ ቀዩ ምን ያህል እንደሚታይ፣ ሁሉም በዓይን ነው የሚፈረደው። ቆፋሪው ጥሬውን በግራም ወይም በኪሎ ይሸጣል፤ ተቆርጦና ተለስልሶ ባሕር ማዶ ሲሸጥ መለኪያው ካራት ይሆናል። አንድ ግራም ደግሞ 5 ካራት ነው።

ሌላም አለ። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲቆይ ክብደቱ ይጨምራል፣ ቀለሙም ደብዝዞ እንደ መስታወት ሊሆን ይችላል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ገዢ «ተታለልኩ» ይላል፤ የሚያውቀው ደግሞ ይህንኑ ጠቅሶ ዋጋ ይሰብራል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ቆፋሪው ነው።

ደላላውን ብቻ መርገም ግን አልወድም። ጥሬ ኦፓል ሲቆረጥ ብዙው ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። ገዢው ይህን ኪሳራ አስልቶ ነው ዋጋ የሚሰጠው። የሚያተርፈውም የግድ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ድንጋዩ ውስጥ ምን እንዳለ ከሻጩ በላይ ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ «ጥሬው ከአገር አይውጣ» ብሎ መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይመስለኝም። መቁረጫ ማሽንና የሠለጠነ እጅ በሌለበት ክልከላው ድንጋዩን ወደ ኮንትሮባንድ ነው የሚገፋው። የሚያስፈልገው እዚያው ወገል ጤና ላይ ደረጃ የሚያወጣ ገለልተኛ ባለሙያ፣ የየደረጃው ዋጋ በየጊዜው የሚለጠፍበት ሰሌዳ፣ ለቆፋሪዎቹም የመቁረጥ ሥልጠና ነው። ለቡናችን ቀማሽ አለን፤ ደረጃም ይወጣለታል። ለኦፓል የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

እናንተም የኦፓል ጌጥ ስትገዙ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የት ተቆረጠ? ደረጃውን ማን አወጣለት?» በሉ። ይህን መመለስ የሚችል ሻጭ ደላንታ ላይም እስኪኖር ድረስ፣ ዋሻ የሚገባው ሌላ፣ ዋጋ የሚቆርጠው ሌላ ሆኖ ይቀጥላል።