መርከቡ የት ሊሠራ ነው?

ባሕር ኃይላችን ሊመለስ ነው ከተባለ ሰነባበተ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2010 ዓ.ም. ሐሳቡን አነሱ፤ በመጋቢት 2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ነጭ የለበሱ ልጆችም በቴሌቪዥን ሲሰለፉ አየን። ደስ ይላል። እኛ የኮልፌ ሰዎች ግን ከብየዳና ከላሜራ ጋር ስለምንውል አንድ ተራ ጥያቄ ይመጣብናል። መርከቡ የት ሊሠራ ነው? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?

ወደቡን ነገ አገኘን እንበል። ወደብ ማለት መርከብ ማሠሪያ እንጂ መሥሪያ አይደለም። ትልቅ የጦር መርከብ ለመሥራትና ለመጠገን ውኃው ተጠጥቶ መርከቡ በደረቅ የሚቆምበት ገንዳ ያስፈልጋል። መቶ ቶን የሚያነሳ ክሬን፣ ወፍራም ብረት የሚቆርጥ ማሽን፣ ብየዳው እንደ ሰው አጥንት በራጅ የሚፈተሽለት ባለሙያ ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ዛሬ በእጃችን ያለው የቱ ነው?

የቀድሞውም ባሕር ኃይል ይሄን አልመለሰም። ማንዴላ እዚህ ኮልፌ የጦር ትምህርት በተማሩበት በ1954 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለች መርከብ ተረከብን። ስሟ የኛ ነው፤ እሷ ግን ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራች የአሜሪካን አሮጌ ነበረች። ደርግ ደግሞ ከሶቪየት ተቀበለ። ባሕሩም ወደቡም እያለን ሌላ የሠራውን ስንቀባበል ኖርን። በግንቦት 1983 «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች፤ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከመርከቧ ይልቅ የሚያንገበግበው ግን የሰዉ ነገር ነው። ስንት ዓመት የሠለጠነ መካኒክና በያጅ «የደርግ ሠራዊት» ተብሎ ተበተነ። መርከብ ይገዛል፤ ያ እጅ ከየት ይገዛል?

ግብፅን እንይ፤ መቼም በአባይ ጉዳይ እሷን ሳናይ አንውልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከፈረንሳይ አራት ጎዊንድ የተባሉ ተዋጊ መርከቦች ስታዝ፣ ሦስቱ እስክንድርያ እንዲሠሩ ተዋዋለች። መሥሪያው ታደሰ፣ ሠራተኛው ሠለጠነ፤ እዚያ የተሠራችው የመጀመሪያዋ መርከብ በ2018 ውኃ ነካች። የኛው ውል ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለ ወይ? ለሕዝብ ይነገር።

የኛን የመርከብ ታሪክማ እናውቀዋለን። ሜቴክ «አባይ»ና «አንድነት» የተባሉ ያረጁ መርከቦችን ገዝቶ ለጥገና ገንዘብ እንዳፈሰሰባቸው በኅዳር 2011 ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አፍ ሰማን። ይኸው በ2017 ደግሞ ጣናነሽ ሁለት የተባለች የሐይቅ ጀልባ ከጅቡቲ በመኪና ተጭና፣ ተራራ እየወጣች እየወረደች ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ ሕዝቡ ወጥቶ አጨበጨበ። የጣናን ጀልባ ጣና ዳር መሥራት ያቃተው አገር ለቀይ ባሕር ምን ሊያሰልፍ ነው?

ባሕር ኃይል አያስፈልግም እያልን አይደለም። ግን ከፍሪጌት በፊት የጀልባ መሥሪያና መጠገኛ ባሕር ዳር ላይ ይቋቋም። ከቀድሞው ባሕር ኃይል በሕይወት ያሉት ባለሙያዎች ዕድሜያቸው ሳይገፋ ተፈልገው ያስተምሩ። እዚህ ኮልፌ በር ሲበይድ የሚውለው ልጅም ከነሱ ይማር። በጀቱ ምክር ቤት ሲቀርብ ደግሞ፣ ስንቱ ለመሥሪያና ለሥልጠና፣ ስንቱ ለዩኒፎርምና ለማርሽ ባንድ እንደሆነ አንድ እንደራሴ እንኳ እጁን አውጥቶ ይጠይቅልን።