ከሸራ ይልቅ ከፍታ
አንድ ፎቶግራፍ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። መስከረም 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢያን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ (ሃሪኬን) ደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ ማክላረን ፒ1 የተባለች አንዲት ቢጫ መኪና ከቆመችበት ቤት ጎርፍ ገፍቶ ሲያወጣት ያሳያል። ከዚህች መኪና ለሽያጭ የተሠሩት 375 ብቻ ናቸው። ብርቅ መኪና ያለው ሰው ማዕበል ሲመጣ ሸራ ያለብሳል፣ በሩን ይቆልፋል፣ መስኮቱን በጣውላ ይሸፍናል። ይህ ንፋስን ይመክት ይሆናል፤ የባሕርን ውኃ ግን አያቆምም። ጨዋማ ውኃ የገባበት መኪና ታጥቦ ቢደርቅም ጨው በሽቦዎቹ መገጣጠሚያ ላይ ቀርቶ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ የሊቲየም ባትሪ ካለው ደግሞ ጎርፉ ከጎደለ ከቀናት በኋላም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ በእኔ እምነት ንብረትን መጠበቅ ማለት ቀድሞ ከፍ ወዳለ ቦታ መውሰድ ነው። የዚያችው የፍሎሪዳ ታምፓ ከተማ በ2017 ዓ.ም. ሃሪኬን ሚልተን ከመድረሱ በፊት ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያዎቿን ለነዋሪዎች በነፃ መክፈቷን የማደንቀው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ለባለጸጋው ብቻ ሳይሆን በአሮጌ መኪናው ልጆቹን ለሚያሳድገው ሹፌርም ይደርሳል፤ የእሱ መኪና ብትሰምጥ የሚቋረጠው እንጀራ ነው። የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሁሉ ይህን ልምድ ይውሰዱ። ውጡ የሚል ትእዛዝ ከመጣ ግን መኪናውን ተዉት፤ ነፍስ ካለ ንብረት ይተካል።