ሐከሮቻችንና የአክስቴ ጥያቄ

አክስቴ ቡሹሎ ነው የምትኖረው። ሐዋሳን በሆቴሎቿና በአሞራ ገደል ዓሣ ብቻ ለምታውቋት፣ ቡሹሎ ብዙ ሰው በጤና ጣቢያዋ የሚያውቃት የሐይቅ ዳር ሰፈር ናት። አክስቴ እቁብ ሲደርሳት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ልጇን ከተማ ውስጥ ለሚሰጥ «የሐከሮች ወርክሾፕ» ማስመዝገብ ነበር። ልጁ ሦስት ቅዳሜ በባጃጅ ተመላለሰ። በአራተኛው «ሰርተፍኬት ይሰጣል» ተብሎ ወላጅ ተጠራ፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ።

ሰርተፍኬቱ ታደለ፣ ፎቶው ተነሳ። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ ኮምፒውተር የለውም፤ ሦስቱንም ቅዳሜ በሰው ትከሻ ላይ አንጋጦ ነው ያየው። ምን ተማርክ ስለው ‹የሰው ፓስወርድ እንዴት እንደሚገኝ› አለኝ። ይሄ ነገር ሥራ ያስይዘዋል ወይስ ፖሊስ ጣቢያ ያስገባዋል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስተባባሪው ማይኩን ተቀብሎ «እናቴ፣ ሐከር ማለት እኮ ሌባ ማለት አይደለም» ብሎ ጀመረና አሜሪካ ወሰደን። ኤምአይቲ የሚባለውን ዩኒቨርሲቲ፣ ትንንሽ ባቡሮች ላይ ሲጠበቡ የሚያድሩ የክበብ ተማሪዎቹን፣ ቃሉ ከእነሱ መንደር መውጣቱን አስረዳን። ያለው ሁሉ ልክ ነው። ችግሩ፣ አክስቴ ስለ ቃሉ ትርጉም አልጠየቀችም! ስለ ልጇ ነው የጠየቀችው።

እኔ የምለው፣ የሐከሮች ትልቁ ኩራት ምንድነው? ሌላው ያላየውን ቀዳዳ ማየት አይደለም እንዴ? ባንኮችንና መሥሪያ ቤቶችን ሁልጊዜ የሚወቅሱትስ «ክፍተታችሁን ስናሳያችሁ አመስግኑን እንጂ አትክሰሱን» እያሉ አይደለም? እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው የጀርመኑ ኬዎስ ኮምፒውተር ክለብ በ1984 ከአንድ የሐምቡርግ ባንክ ወደ 135,000 ማርክ ወደ ራሱ ሒሳብ እንዲገባ አደረገና፣ የሠራውን በአደባባይ ተናግሮ ገንዘቡን መለሰ። ስርዓቱ አስተማማኝ ነው ሲባል የኖረው ሕዝብ ቀዳዳውን በዓይኑ አየ። ክለቡ ስሙን ያገኘው ደብቆ ሳይሆን ገልጦ ነው።

እንግዲህ አክስቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው። በአንድ ጥያቄ ሦስት ቀዳዳ አሳየቻቸው። አንድ፣ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ እንደ ባለ ላፕቶፑ እኩል ከፍሎ ተመልካች ሆኗል። ሁለት፣ የተፈቀደውና የተከለከለው ድንበር ለልጁ አልተነገረውም። ሦስት፣ ከሰርተፍኬቱ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ የለም። ከባንክ የሚጠብቁትን ምስጋና ለእሷ ነፈጓት፤ ይባስ ብለው ሳቁባት።

ሁለተኛው ቀዳዳ የሚያስቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ የሌላውን ኮምፒውተር መድረስን ወንጀል ያደርጋል። «ለመማር ብዬ ነው» ብሎ ነገር ፍርድ ቤት ለመድረሱ ዋስትና አይሆንም። ደግሞስ የወላጅ ፍርሃት ከየት መጣ? በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ስርዓት በአንድ ሌሊት ተዛብቶ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲወጣ፣ ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰልፈው ነበር። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ሐከር የሚባል ሰው በሌለበት እንኳ፣ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ አደባባይ ወጣ። ይህን ያየች እናት ብትጠይቅ አላዋቂ ናት?

አስተባባሪዎቹ የሚያነሱት አንድ ክርክር ግን አለ፤ ቀላልም አይደለም። «እዚህ አገር ስለ ሥልጠናችን በአደባባይ ክፉ ከተወራ ነገሩ በትችት አያበቃም» ይላሉ። እውነት ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ በኋላ በቀረበባቸው የሽብር ክስ ውስጥ «ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ» የተባለ የኮምፒውተር ደህንነት ሥልጠና ተጠቅሶ ነበር። ለአምስቱ ክሱ በ2007 ዓ.ም. ተቋረጠ፣ የቀሩት በ2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ከአንድ ዓመት በላይ እስር ግን በ«ነጻ» አይመለስም። ስለዚህ እኛም ተቺዎች እንጠንቀቅ። «ምን ታስተምራላችሁ?» ብሎ መጠየቅና «ሌባ ታሠለጥናላችሁ» ብሎ መክሰስ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው መብታችን ነው፤ ሁለተኛው ያለ ማስረጃ ከተባለ የሰው ልጅ ያሳስራል።

ይሁን እንጂ ፍርሃቱ የሚመክረው መሳቅን አይደለም፤ በር መክፈትን ነው። የሚያስተምሩትን ጎረቤት የሚያውቅላቸው ልጆች ክፉ ቀን ሲመጣ ምስክር አላቸው። በመዝገበ ቃላት ትርጉም ታጥረው የተቀመጡት ግን ማን ይመሰክርላቸዋል? ያኔ የምታስፈልጋቸው አክስቴ ነበረች።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ብር ከመቀበላቸው በፊት የሚሰጠውን ትምህርት በአማርኛና በሲዳምኛ ጽፈው በር ላይ ይለጥፉ። ልምምዱ በራሳቸው ኮምፒውተር ወይም ባለቤቱ በፈቀደው ላይ ብቻ እንደሆነ ይጻፉ፤ ሕጉን በመጀመሪያው ቅዳሜ እንጂ በመጨረሻው አያስተምሩ። ላፕቶፕ ለሌለው ተራ ያውጡለት፤ ካልቻሉም ግማሹን ይመልሱለት። ወቀሳ ሲመጣ «ይሄ ልክ ነሽ፣ እስከዚህ ቀን እናስተካክላለን፤ ይሄኛው ግን ስህተት ነው፣ ምክንያቱም…» ብለው ለይተው ይመልሱ። ስድብ ብቻ ይዞ የመጣውን ዝም ማለት ይቻላል፤ ጥያቄ ይዞ የመጣውን ዝም ማለት ግን ነውር ነው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አክስቴ ብዙ አላወራችም። ቡሹሎ ልንደርስ ስንል ሰርተፍኬቱን ከልጇ እጅ ተቀብላ አገላብጣ አየችውና «እንግሊዝኛው ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት።

«ከሳቁብኝ ይልቅ ይህንን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች።