የጀልባ ቀዳዳና የነጋዴ ኃላፊነት

ካያክ የተባለው ባለ መቅዘፊያ ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ከመደብር ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ማስቀመጫውን፣ የመልሕቅ ገመድ መያዣውንና የመቅዘፊያ ማሰሪያውን ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊገጥም ይችላል፤ ለሠራተኛ የሚከፍለውን ገንዘብ ማዳኑም የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን የጀልባ ቀዳዳ እንደ ግድግዳ ቀዳዳ አለመሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

በጣና ሐይቅ የሚቀዘፈው የደንገል ታንኳ የሚንሳፈፈው በደንገሉ ቅለት ስለ ሆነ፣ ውሃ በመካከሉ ቢገባ ወዲያው አይሰጥምም። ካያክ ግን ሰውን የሚሸከመው በሆዱ በያዘው አየር ነው። በክፉ ሥራ የተበሳ ቀዳዳ ያንን አየር በውሃ ይለውጠዋል፤ ይህም የሚታወቀው ቀዛፊው ከዳር ከራቀ በኋላ ነው።

አብዛኛው የፕላስቲክ ካያክ የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ማስቲሽን አጥብቆ አይዝም፤ የእንጨት ቪትም ከስሱ ፕላስቲክ ተነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ የሚያስተማምነው የማይዝግ ብሎን ከነዳዶው፣ በውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዕቃውም ሥር የጎማ ንጣፍ ነው። እጅ ወደ ውስጥ በማይደርስበት ስፍራ በውስጥ እግሩን የሚዘረጋ ሪቬት ይተካዋል። ባለቤቱ ከመብሳቱ በፊት በጀልባው ተቀምጦ መቅዘፊያውን ያወዛውዝ፤ እጁን የማይነካውን ቦታ ከውሃው ልክ በላይ ያመልክት፤ ለ6 ሚሊሜትር ብሎን በ3 ሚሊሜትር ፑንታ ይጀምር፤ ሲያጠብቅም ፕላስቲኩ እስኪሰረጉድ አያጥብቅ።

አንዳንድ ነጋዴዎች «የገዛ ሰው ለዕቃው ራሱ ያስብበት» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጨርቅ ሻጭ ይሆን ይሆናል፤ በሐይቅ መካከል ብቻውን ለሚቀመጥ ሰው ዕቃ ለሚሸጥ ግን አይሆንም። ዘንግ ማስቀመጫውን ብቻ ሸጦ ብሎኑን ለገዢው ግምት የሚተው ነጋዴ ግማሽ ዕቃ ሸጧል። ተገቢውን ብሎን፣ ሮንዴላና ጎማ በአንድ ከረጢት አድርጎ፣ አገጣጠሙን በአማርኛ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ቢጨምርበት ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያተርፈው እምነት ግን ደንበኛውን መልሶ ያመጣለታል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በውሃ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ገዢው ለመብሳት፣ ሻጩም ለመሸጥ አይቸኩል።