ልውውጥ ማለት መስጠትና መቀበል ነው

ወደ ሰሜን አውሮፓ ለትምህርት መሄድ ዛሬ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። ከአውሮፓ ኅብረትና ከተባባሪዎቹ አገሮች ውጭ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ ዴንማርክ በ2006፣ ስዊድን በ2011፣ ፊንላንድ በ2017፣ ኖርዌይም በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የትምህርት ክፍያ ደንግገዋል። በዩኒቨርሲቲዎች የልውውጥ ውል የሚሄድ ተማሪ ግን እንደ ልማዱ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ሰፊው በር ሲዘጋ ይህች ጠባብ በር ክፍት ቀርታለች።

በሯ ጠባብ ከሆነች ዘንድ አመራረጡ በጓዳ ሊሆን አይገባም። ማስታወቂያው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ መመዘኛውም አስቀድሞ ይነገር።

ሁለተኛው ጉዳይ የነጥብ ነገር ነው። በአውሮፓው አቆጣጠር የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት 30 ነጥብ ነው። በኡፕሳላ ወይም በሉንድ የተገኘ ነጥብ እዚህ በየትኛው ኮርስ እንደሚተካ ተማሪው፣ የትምህርት ክፍሉና ሬጅስትራሩ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። አለዚያ ተማሪው የተማረውን ደግሞ ሊማር ነው፤ ያን ጊዜ ድስት ጥዶ ማልቀስ አይረዳም።

ለሚሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም የምንለው አለን። በስዊድን ተማሪ መምህሩን በስሙ ይጠራል፤ ጥያቄ ማንሣትም እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ይህን ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን ስለ ፊደላችንና ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ተጠይቆ መልስ የሌለው ሰው ባዶ እጁን የሄደ እንግዳ ነው። ባዶ እጁን የሚመለስ ደግሞ ከእርሱ ይብሳል። ስለዚህ የተመለሰ ሁሉ ያየውን በዚህ ጋዜጣ ይጻፍልን፤ በአዳራሽም ቆሞ ይጠየቅ።